የሃያ አራተኛው ተጫዋች ጠርዝ

አባቴን በአንድ አጥቂ ለውጬዋለሁ። ይህን ስናገር ሰዎች ቀልድ ይመስላቸዋል፤ እኔም እንደ ቀልድ ካልጀመርኩት አይወጣልኝም። ስምንት ዓመቴ ነበር። ነፋስ ስልክ፣ ግቢያችን በር ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ቁጢጥ ብለን እኔ ሁለት ካርድ ሰጠሁት፣ እሱ አንድ ሰጠኝ። በሰጠሁት በሁለቱም ካርድ ላይ ያለው አባቴ ነበር። የተቀበልኩት ደግሞ ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ስሙን የሚጠራው አጥቂ ነው። ሁለት ለአንድ መሆኑ እንኳ አልቆረቆረኝም። እንዲያውም ያታለልኩት መስሎኝ ደስ እያለኝ ወደ ቤት ገባሁ።

ነገሩ እንዲገባ ከካርዶቹ ልጀምር። በዚያን ጊዜ አንድ ብስኩት ነበር፤ በየፓኮው ውስጥ የአገራችን ኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ካርድ ይወጣል። ካርዱ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ይበልጣል፣ ፎቶው እስከ ጠርዙ ድረስ ሞልቶታል፣ ከሥሩ የተጫዋቹ ስምና የሚጫወትበት ቦታ ተጽፏል። ልጆች ብስኩቱን የሚያስገዙት ለካርዱ ሲሉ ነበር። መሬት ላይ ደፍተን በመዳፍ እንመታለን፣ የተገለበጠለት ይወስዳል። ትምህርት ቤት ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ የሁላችንም መዳፍ ቀይ ነበር።

ካርዱ የሚታተመው አባቴ በሚሠራበት ማተሚያ ቤት ነው፤ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። አባቴ ወረቀት ቆራጭ ነበር። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሃያ አራት ካርዶች፣ በአራት ረድፍ ስድስት ስድስት ሆነው ይታተማሉ። ማሽኑ ሲጨርስ ወረቀቱ ተደራርቦ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱ ክምሩን አስተካክሎ ከመቁረጫው ምላጭ ሥር ያስገባና ሃያ አራቱን ይለያያቸዋል። ይህ ሥራ የቀኝ እጁን የትንሿን ጣት ግማሽ ወስዶበታል። “አሥር ጣት ያለው ቆራጭ ካየሽ ገና ጀማሪ ነው” ይለኝ ነበር እየሳቀ።

ሌሎች ልጆች ካርዳቸውን ከብስኩት ያገኛሉ። እኔ የማገኘው ከአባቴ ኪስ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያመጣልኝ የተበላሸውን ብቻ ነበር። ደህናው የባለቤቱ ነው ይላል፣ አንድም ቀን አላመጣም። የተበላሸው ግን ወደ ጆንያ የሚጣል ስለሆነ ከሥራ ሲመለስ ከኮቱ ኪስ እየመዘዘ ይሰጠኛል። ቀዩ ቀለም ከቦታው በመንሸራተቱ ሁለት አፍ ያወጣ ተከላካይ። ቀይ ቀለም አልቆ ሳለ በመታተሙ ፊቱ እንደ ጎመን የለመለመ ተጫዋች። ከላይ የአንዱ ጫማ፣ ከታች የሌላው ግንባር ያለበት ካርድ። ቀለሙ ሳይደርቅ ተደራርቦ ጀርባው ላይ የሌላ ሰው ፊት በስሱ ያረፈበት። አባቴ እያንዳንዱ ለምን እንደተበላሸ ያውቃል፤ ራት እስኪቀርብ ድረስ አጠገቡ አስቀምጦ ያስረዳኛል።

“ተጫዋቹን ተይውና ጠርዙን እዪ” ይለኛል።

ያልተቆረጠው ወረቀት ጠርዝ ላይ ከፀጉር የቀጠነች ትንሽ መስቀል አለች። አራቱ ቀለሞች በየተራ ሲታተሙ እያንዳንዱ የራሱን መስቀል እዚያው ቦታ ላይ ያሳርፋል። አራቱ አንዱ ባንዱ ላይ ከወደቁ አንድ ጥቁር መስቀል ብቻ ትታያለች፤ ካልወደቁ ቀይዋ ወዲህ፣ ሰማያዊዋ ወዲያ ትላለች። “ማሽን አይዋሽም የሚሉትን አትስሚ። ሲዋሽ የምታጋልጠው ይቺ ናት” ይላል። ከመስቀሏ አጠገብ ቀለሙ ወፍሮ ወይም ቀጥኖ እንደሆነ የሚያዩባቸው ትንንሽ የቀለም ሳጥኖች ተደርድረዋል። እነዚህ ሁሉ ሥራቸውን ሲጨርሱ በአባቴ ምላጭ ተቆርጠው ይጣላሉ፤ ብስኩት የሚገዛ ሰው መኖራቸውንም አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ይህን ትምህርት አልወደድኩትም። ልጆቹ በተበላሸ ካርድ አያጫውቱም። ሁለት አፍ ያለውን ተከላካይ ይዤ ስወጣ ይስቁብኛል፤ “የቆራጩ ልጅ” የሚል ስምም አውጥተውልኝ ነበር። እኔ የምፈልገው አንድ ደህና አጥቂ ነው፣ አንድ አፍ ያለው። አባቴ ስለ ጠርዝ ሲያወራ እኔ በልቤ ያንን አጥቂ አስብ ነበር።

አባቴ ራሱ ካርድ ላይ የወጣበትን ምክንያት ኋላ ከእናቴ ነው የሰማሁት። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ “ወረቀት ባዶ አይሄድም” የሚል ልማድ ነበራቸው። ከሚታተመው ሥራ ጎን ትርፍ ቦታ ከተገኘ ሠራተኞቹ የራሳቸውን ነገር ጣል ያደርጉበታል፤ የአንዱን እህት የሠርግ መጥሪያ፣ የሌላውን የዕድር ካርድ። አለቃው ያውቃል፣ ግን አላየሁም ይላል። የእኔ የክርስትና መጥሪያ የታተመው በሳሙና መጠቅለያ ወረቀት ጎን ላይ ነው። የተጫዋቾቹ ሥራ ሲመጣ ታዲያ ቦታው ሃያ አራት፣ የተላከው ፎቶ ሃያ ሦስት ሆነ። ከታችኛው ረድፍ መጨረሻ፣ ቀኝ ጥግ ላይ ያለችው ቦታ ባዶ ቀረች። የኅትመቱን ፊልም የሚያዘጋጀው ባልደረባው አባቴን ማሊያ አልብሶ ከግቢው ግድግዳ ሥር አቆመውና ፎቶ አነሳው። አባቴ ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ቡድን በረኛ ነበርና እንደ በረኛ እጆቹን ዘርግቶ ተነሳ። ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ተጋጥመው አምስት ስለገባበት፣ ካርዱ የተሠራለት ለክብር ሳይሆን ለማሾፍ ነው ትላለች እናቴ።

ብስኩት ውስጥ ግን ሊገባ አይችልም። ስለዚህ አባቴ ያቺን ጥግ በገዛ እጁ ከየክምሩ እየቆረጠ፣ ራሱን በመቶ በመቶ ወደ ጆንያ ጣለ። ሁለት ብቻ አስቀርቶ አመጣልኝ። ቀለማቸው ልክ ነበር፤ አንድ አፍ፣ ሁለት ዓይን። ለነሱ ሳይጨነቅ ሰፋ አድርጎ ስለቆረጣቸው መስቀሏ ከጎናቸው ቀርታ ነበር። አየኋቸው፣ ሳቅኩ፣ ከሌሎቹ ጋር ጣሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ሰውየው አጠገቤ ተቀምጧል፤ ፎቶው ምን ያደርግልኛል? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። በሳምንቱ ይዣቸው ወጣሁ። ጎረቤቴ ቀለማቸው ደህና መሆኑን አየ እንጂ ማን እንደሆነ ልብ አላለም፤ የማይታወቅ ተጫዋች ስለሆነ ግን ሁለት ካልሰጠሽኝ አለ።

በዓመቱ፣ ክረምት ላይ አባቴ ታመመ። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሞተ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ዛሬ እኔ በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ።

ቤታችን ውስጥ አንድ ፎቶ ነበረው፣ የሠርጋቸው። የአባቴ ዘመዶች ከአገር ቤት ለቀብሩ አልደረሱም። ከሳምንት በኋላ መጥተው፣ እናቱና እህቶቹ ሬሳውን ሳያዩ እርማቸውን ሊያወጡ ስለማይችሉ፣ ፎቶውንና ኮቱን ይዘው ሄዱ። ደንቡ ነው፤ ኮቱ ይዘረጋል፣ ፎቶው ከላዩ ይቀመጣል፣ ይለቀስበታል። እንመልሳለን አሉ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ፎቶ የሚከለክል ሰው የለምና እናቴ ሰጠች። አልተመለሰም። ቆይቶ ሲጠየቅ ዝናብ ገብቶበት ተላጠ አሉን። የቀበሌ መታወቂያው ለሞት ማስረጃው ተሰጥቶ ቀረ፤ የሥራ መታወቂያውን ማተሚያ ቤቱ መልሶ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ የአባቴ ፊት የለም።

ሰው የሞተበትን ሲናፍቅ ፊቱን ያስባል። እኔ የማስበው ከኋላው ስከተለው ያየሁትን አንገቱን ነው። የወረቀት ብናኝ ያረፈበትን ኮቱን፣ ከእጁ የማይጠፋውን የቀለም ሽታ አስባለሁ። ያቺን መስቀል ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ልሥላት እችላለሁ፤ የታችኛዋ ክንድ ትንሽ ትረዝም ነበር። ከመስቀሏ ጎን የነበረው ፊት ግን አይመጣልኝም። ስንት ጊዜ በራሴ ተናድጄአለሁ። ጠርዙን እዪ ሲለኝ ምነው ባልሰማሁት።

ጎረቤቴን ካደግን በኋላ አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፣ ታክሲ ይነዳል። “ያንን ሁሉ ካርድ እኮ እናቴ ከሱሪዬ ጋር አጥባ ጨርሳዋለች” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩለት። የማን ፎቶ እንደነበረ አልነገርኩትም። ለእናቴም አልነገርኳት፤ ካርዶቹ ቤት ስንቀይር የጠፉ ይመስላታል። እንዲያውም ጣሳውን በደንብ ባለመጠቅለሏ ራሷን ስትወቅስ ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ።

አሁን የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው፤ እናቴም ከእኔ ጋር ናት። ባለፈው ዓመት፣ ስልኬ ላይ የድሮ ዕቃ የሚለዋወጡ ሰዎች ቡድን ውስጥ፣ ያንን የብስኩት ካርድ አየሁት። ተከላካዩ ነው፣ ሁለት አፍ ያለው። ከሥሩ “የተበላሸ ካርድ ያላችሁ እፈልጋለሁ፣ ደህናውን አልፈልግም” የሚል ተጽፏል። ከአባቴ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው አልገጠመኝም። በነጋታው ካርዱን የለጠፈውን ሰብሳቢ ፍለጋ ብስራተ ገብርኤል ሄድኩ።

ሰብሳቢው ገና ሠላሳን ያለፈ ስልክ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የስልክ ሆድ ዕቃ የሚያይበት ባለ መብራት ማጉያ። ካርዶቹ ሲታተሙ አልተወለደም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ከአጎቱ ነው ያገኘው።

“ደህናው ሁሉም አንድ ነው እህቴ” አለኝ። “የተበላሸው ግን አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ያን ቀን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሆነ ይነግርሻል።”

አባቴን የሰማሁት መሰለኝ። ሳይጋብዘኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው አንድ ካርቶን ላይ ሃያ ሦስቱን ካርዶች ትልቁ ወረቀት ላይ እንደነበሩት አሰልፏቸዋል። ተዛንፈው ከተቆረጡት ካርዶች ነው ያወቀው፤ በአንዱ ጠርዝ ላይ የማን ትከሻ እንደገባ እያየ ማን ከማን ጎን እንደነበረ ለይቷል። የታችኛው ረድፍ ቀኝ ጥግ ላይ ግን አንድ ቦታ ባዶ ትቷል።

“ይሄ የራስ ምታቴ ነው” አለ። “ብስኩቱ ውስጥ የሚወጣው ሃያ ሦስት ተጫዋች ነው፤ ማንንም ጠይቂ። ግን እዚህ ጋ ሌላ ሰው አለ።”

የሰጠኝ የአንድ አማካይ ካርድ ነው። ወደ ቀኝ ተዛንፎ ስለተቆረጠ የጎረቤቱ ቀጭን ቁራጭ በጠርዙ ላይ ገብታለች፤ አረንጓዴ እጅጌና የተከፈተ መዳፍ። ማጉያውን ወደ እኔ አዞረልኝ። በማጉያው ሳየው እጁ ወደ ነጥብ ተበተነ፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ጭንቅላቴን ራቅ ሳደርግ ነጥቦቹ ተሰብስበው መልሰው እጅ ሆኑ። ትንሿ ጣት ከግማሿ ላይ ታልቃለች።

“እሷ ቀለሙ ስላልያዘ ነው” አለ ሰብሳቢው።

“ቀለሙ ይዟል” አልኩ። “ጣቱ ነው። አባቴ ነው።”

ሰብሳቢው ተነስቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገና ውሃ ቀዳልኝ። ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ውጭ ቆመው እየጠበቁ፣ እኔ ሳላፍር አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እግሬ ብስራተ ገብርኤል ነው። አባቴ ጥግ ላይ ስለነበረ ጎረቤቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ በስተግራው አማካዩ፣ ከላዩ አንድ የክንፍ ተጫዋች። ሰብሳቢው የነዚህን የሁለቱን የተበላሸ ካርድ የያዘ ሁሉ ጠርዙን ፎቶ አንስቶ እንዲልክለት ቡድኑን ለመነ። ከጎፋ፣ ከሳሪስ፣ አንዱ እንዲያውም ከአዳማ ላከ። የማላውቃቸው ሰዎች የአባቴን ቁራጭ ለማግኘት አሮጌ ሻንጣቸውን ሲበረብሩ ሰነበቱ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን ጠርዙ ላይ ጆሮ ያለበት የአማካዩ ካርድ መጣ፤ ያለ ማጉያ አይቼ ይኸው ጆሮው ብዬ ለእናቴ ለመንገር ስልኬን አወጣሁ። ሰብሳቢው እስክጨርስ ጠበቀና፣ ጆሮው ያለው በግራ ጠርዝ መሆኑን፣ አባቴ ደግሞ በቀኝ በኩል እንደነበረ ቀስ ብሎ አሳየኝ። የሌላ ሰው ጆሮ አቅፌ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በአራት ወር ውስጥ የተገኘው ይኸው ነው። ከአማካዩ ጎን እጁና ክንዱ። ከክንፍ ተጫዋቹ ሥር ደግሞ፣ ካርዱ ዝቅ ብሎ ስለተቆረጠ፣ ፀጉሩና የጣት ውፍረት የማይሞላ ግንባሩ። ከዚያ በላይ አልተገኘም፤ ሊገኝም አይችልም። ምላጩ ሲዛነፍ እንኳ ከዚያ በላይ አልተዛነፈም። የቆረጠው አባቴ ነው፣ በሥራው ጎበዝ ነበር። ትንሽ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ዓይኑን አገኝ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ሁለቱን ካርዶች ነጭ ወረቀት ላይ በየቦታቸው አደረግኩና ለእናቴ አቀረብኩላት። እናቴ ሰባ ሞልቷታል። መነጽሯን አድርጋ እጁን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ይሄ እሱ ነው” አለች። ከዚያ ጣቷን መሃል ላይ ባለው ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፈች። “ፊቱስ?”

“ፊቱ አልተገኘም እማዬ።”

“ከእኔም እየሄደ ነው” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። “ድምፁ አለ። ሲገባ በሩን የሚገፋበት አለ። ፊቱን ላስብ ስል ግን የወንድሙ ፊት ነው የሚመጣብኝ። ይሄ ለማን ይነገራል?”

እስከዚያ ቀን ድረስ ፊቱ የጠፋው ከእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ዘንድ ተቀምጧል፣ እሷ እስካለች አለ ብዬ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ፈራሁ። ካርድ ማሳደዱ እስከዚያ ድረስ የእኔ የጸጸት መወጫ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እናቴ ሳትረሳው ላገኘው የምሮጥለት ነገር ሆነ።

“ያን ፎቶ ያነሳው ሰው በሕይወት አለ?” አልኳት።

እናቴ እንባዋን ጠርጋ አሰበች። “ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።”

ማተሚያ ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። የድሮዎቹ ሠራተኞችም ሰፈሩ በፈረሰ ቁጥር ተበታትነዋል። እናቴ ግን የዕድር ሴት ናት። ከአንዱ ሰው ስልክ ወደ ሌላው እየዘለለች፣ ያለቀሰችውን አስለቅሳ፣ የሞተውን ነፍስ ይማር ብላ፣ በሁለት ሳምንት አገኘችው። ላፍቶ፣ ከልጁ ጋር ይኖራል።

መጀመሪያ ብቻዬን ሄድኩ፤ ተስፋዬ ባዶ ከሆነ እናቴ እንዳታየው ብዬ ነው። ሰማንያ የሚጠጋ፣ ወገቡ ያልጎበጠ ሽማግሌ በር ከፈተልኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ።

“የቆራጩ ልጅ” አለ። ልጆች የሰደቡኝ ስም ከእሱ አፍ ሲወጣ ደስ አለኝ።

ካስቀመጠኝ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኩት። “ያነሱት ፎቶ ከየት ይገኝ ይሆን ጋሼ?”

“ፎቶውስ አልቋል” አለ። “ፊልሙን ነው እንጂ የምትፈልጊው። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ፊልሙን ሁሉ ሊያቃጥሉት አወጡት። እጄ የደከመበት ሥራ ሲቃጠል ማየት አልቻልኩም፤ በጋሪ ጭኜ ወደ ቤት አመጣሁት። ሚስቴ ይሄን ቆሻሻ የት ልታደርገው ነው ብላ ስትቆጣ፣ ጥቅም አገኘሁለት። ነይ ተከተይኝ።”

ጓሮ ወዳለው ወጥ ቤት ወሰደኝ። የወጥ ቤቱ መስኮቶች መስታወት የላቸውም። በመስታወቱ ፈንታ ሥዕሉ ወደ ማሽን ከመሄዱ በፊት የሚቀረጽበት ላስቲክ መሳይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ተወጥሮ፣ ዙሪያው በሚስማር ተመቷል። በአንዱ መስኮት የደብተር ሽፋን አለ፣ በሌላው የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሠርግ መጥሪያ። በሦስተኛው ላይ ተጫዋቾቹ በአራት ረድፍ ስድስት ስድስት ሆነው ቆመዋል፤ የውጭው ብርሃን በላያቸው አልፎ ምድጃው ላይ ያርፋል። ቀኝ ጥጉ ግን በስንት ዓመት ጭስ ጠቁሮ ምንም አይታይበትም።

ሽማግሌው ከኪሱ መሐረብ አወጣና ሊጠርገው እጁን ዘረጋ። ዕድሜዬን ሙሉ ወረፋ መጠበቅ የማልችለው ሴት ክንዱን ያዝኩት።

“ይቆይ ጋሼ። እናቴን ላምጣት።”

በማግስቱ ጠዋት እናቴ የበዓል ነጠላዋን አወጣች፤ ባዶ እጅ የሰው ቤት አይኬድም ብላ ብርቱካን አስገዛችኝ። ከሽማግሌው ጋር ተሳስመው፣ የሞቱትን አንድ በአንድ ጠያይቀው፣ እናቴ ትንሽ አልቅሳ፣ ሦስታችንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብተን ቆምን። ሽማግሌው መሐረቡን አወጣ። ፊቱ ከመታየቱ በፊት መናገር እንዳለብኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

“እማዬ” አልኩ፣ “ካርዶቹ ቤት ስንቀይር አልጠፉም። እኔ ነኝ ለጎረቤት ልጅ የሰጠኋቸው። በአጥቂ ነው የለወጥኳቸው።”

ዞራ አየችኝ። “በየትኛው አጥቂ?”

ስሙን ነገርኳት።

“እሱስ ቢሆን” አለች እናቴ፣ “ቢጠይቁት ራሱን በዚያ አጥቂ ይለውጥ ነበር። በረኝነቱን አላየሽው።” ሽማግሌው በአፍንጫው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። “ልጅ ነበርሽ” አለች።

ሠላሳ ዓመት አልፎት የተሸከምኩት ነገር በሁለት ቃል ወረደ።

ሽማግሌው ውሃ ሳያስነካ፣ በደረቅ መሐረብ፣ ከጥጉ ጀምሮ ጭሱን ቀስ እያለ ጠረገው። መጀመሪያ የተዘረጋው እጅ ወጣ። ከዚያ ማሊያው፣ ከዚያ አገጩ። ፊልም ግልብጥ ነው፤ ጥቁር የነበረው ብርሃን ያሳልፋል፣ ነጭ የነበረው ይጠቁራል። እኔ ይህን አውቄ ነው የመጣሁት፤ ማታ ስደውልለት ሰብሳቢው ነግሮኝ ነበር። ቢሆንም ያየሁትን አልጠበቅኩም። የአባቴ ፀጉር ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ጢሙ ነጭ፣ ቅንድቡ ነጭ። እየሳቀ ስለተነሳ ጥርሶቹ ጠቁረው የወለቁ ይመስላሉ። የጠዋት ፀሐይ ከኋላው ሆና አንድ ሰባ የሞላው ሽማግሌ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ፊቱን ግን አወቅኩት። ጠፍቶብኝ ነበር እንጂ ረስቼው አልነበረም። አገጬ የማን እንደሆነ፣ ስስቅ አፌ ለምን ወደ አንድ ጎን እንደሚሄድ እዚያ መስኮት ላይ አየሁት።

እናቴ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

“አውልቄ እሰጣችኋለሁ” አለ ሽማግሌው። “ዛሬ የትም ፎቶ ቤት ብትወስዱት ወዲያው ይገለብጡላችኋል። ፀጉሩ ይጠቁራል፣ ያ ወጣት ቁጭ ብሎ ይወጣል። ይሄ ስልካችሁም እኮ ያደርገዋል ይላሉ።”

ስልኬን አወጣሁ። ያን ወጣት ለማየት ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት። እናቴ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ የእኔን እጅ ከነስልኩ ቀስ አድርጋ ወደ ታች መለሰችው።

“ቆይ፣ ትንሽ እንዲህ እንዳለ ልየው” አለች። “ብቻዬን ያረጀሁ መስሎኝ ነበር።”